ከሞተሩ ጀርባ የሚወርደው ዘይት ከየት ነው? (1995 ማዝዳ ሚያታ)

ሰላም ወገኖች፣ ማዝዳ የፈታታ ሰው ካለ እርዱኝ። ሜሪላንድ ነኝ። በቅርቡ የ1995 ሚያታ ገዛሁ፣ ባለ 1.8 ሊትር፣ ማኑዋል። ስትነዳ ነፍስ ናት፣ ግን ዘይት ታንጠባጥባለች። ጠዋት ጠዋት ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ስር የብርጭቆ አፍ የምታክል ጥቁር ክብ አገኛለሁ። የሚጎድለው የሞተር ዘይቱ ነው፣ ስትሞቅ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች።

ያሳየሁት ጋራዥ ሳያጥብ ሳይጠርግ «የኋላው ፓራኦሊ ነው፣ ካምቢዮው ይወርዳል» አለኝ (ፓራኦሊ ማለት ከሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ማሸጊያ ነው)። ካምቢዮ ወረደ ማለት ኪሴም አብሮ ተራገፈ ማለት ነው! እኔ ግን ልቤ አላመነም፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ከላይ ሳይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ፣ ያቺ እጅ የማታስገባ ጥግ ላይ፣ የካም አንግል ሴንሰሩ (የካሙን አዟዟር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ስር አቧራ የለበሰ ዘይት አለ። የሴንሰሩ የጎማ ቀለበት ሲደርቅ ዘይቱ በካምቢዮው ላይ ወርዶ ፓራኦሊ የሄደ ያስመስላል። የቴስታታ ክዳኑ ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያም) ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥቤ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራውን ቀለም ዘይቱ ውስጥ ልጨምር ነው። ሴንሰሩን ሳልፈታ ምልክት ካላደረግኩ ታይሚንጉ (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) እንደሚዛባ አውቃለሁ። ግን የሴንሰሩን ብሎን በምን ዓይነት ቁልፍ ደረሳችሁበት? ቀለሙንስ ምን ያህል ነድቼ ልየው?