«አልሞታሴ»፦ የፖርቱጋሉ የገበያ ተቆጣጣሪ ከአረቦች የወረሰው ስሙን ብቻ ነው ወይስ ሥራውንም?

ልሳን፦ አልሞታሴ በድሮዋ ፖርቱጋል ሚዛንና መስፈሪያን፣ የዳቦና የሥጋ ዋጋን፣ የመንገድ ጽዳትን የሚቆጣጠር፣ አጥፊውንም የሚቀጣ ሹም ነበር። ቃሉ አረብኛው «አል ሙሕተሲብ» ነው። እኔ ስሙም ሥራውም አብረው መጡ ባይ ነኝ።

ሰዋስው፦ በቃሉ አልከራከርም፤ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል። «ሐ» በፖርቱጋልኛ ስለሌለ ወደቀ። የመጨረሻውን «ብ» ፖርቱጋሎች ጣሉት፤ በስፔን ካስቲሎች በ«ን» ተኩት፣ «አልሞታሴን»፤ እዚያው ካታላኖች «ፍ» አደረጉት፣ «ሞስታሳፍ»። አንድ ነገር ግን ላርም። ሥሩ የግእዙ «ሐሰበ» ዘመድ ስለሆነ ብዙዎች «ሒሳብ ሠራተኛ» ብለው ይፈቱታል። ስህተት ነው። መሐል የገባችው «ተ» ግሱን «ኢሕተሰበ» ታደርገዋለች፤ ዋጋውን ከፈጣሪ አስቦ መሥራት ማለት ነው። የሹመቱ ስም «ሒስባ» ከዚሁ ነው፤ በጎውን ማዘዝ፣ ክፉውን መከልከል።

ዘመናት፦ የእኔን ሐሳብ የሚያስረዳልኝ ይኸው ነው! ሙሕተሲብ የሶላትንና የሥነ ምግባርንም ነገር ይከታተል ነበር፤ አልሞታሴ ከዚህ አንዱንም አልያዘም። የቀረለት ገበያና መንገድ ነው፤ ይህን ደግሞ ኤዲል የሚባሉት የጥንቷ ሮማ የከተማ ሹሞች ከእስልምና በፊት ይሠሩት ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ሥራ ላይ አዲስ ስም ተለጠፈበት።

ልሳን፦ በመሐል ያለውን ዘመን ዘለልከው፣ ወንድሜ። ሊዝበን ከሙስሊሞች እጅ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1147 ነው፤ የከተማዋ ደንብ የተሰጣት በ1179። ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ደንቡ አልሞታሴን የሚሾሙት አልካይዴው፣ ማለት የምሽጉ አዛዥ፣ እና የከተማው ጉባኤ ናቸው ይላል። «አልካይዴ» ራሱ አረብኛው «አል ቃኢድ» ነው። ሚዛኑን ሲያይ የነበረውን ሹም የከተማው ሰው በዓይኑ ያውቀው ነበር፤ ኤዲልን ግን ማን አይቶት?

ዘመናት፦ የ32 ዓመቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ኤዲልን ማንሳቴ ሩቅ ሄዷል። ግን ያልከውን ደንብ ደግመህ እየው። ሙሕተሲብን የሚሾመው ገዢው ወይም ቃዲው ነበር። እዚህ ጉባኤው እጁን አስገብቷል። በ1603 በወጣው፣ በንጉሥ ፊሊፔ ስም በሚጠራው የፖርቱጋል ሕግ ደግሞ አልሞታሴነት ሰዎች በየወሩ የሚፈራረቁበት የከተማው ምክር ቤት ሥራ ነው፤ በጎረቤቶች መካከል የሚነሳውን የግድግዳና የመስኮት ክርክርም ይዳኛሉ። ሥራው ከአረቦች መጣ ብንል እንኳ ሥልጣኑ የመጣው ከሌላ ነው።

ሰዋስው፦ እንግዲያው ክርክሩ ከሥርወ ቃል ወጥቶ ወደ ሹመት ታሪክ ገብቷል፤ እዚያ «ብ»ዋ የት እንደወደቀች ማወቅ አይረዳንም።