አረቄ በሰፈር ውስጥ፦ ይከልከል ወይስ ፈቃድ ይውጣለት?

አወያዩ

በባሕር ዳር የሰፈር ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ የሚነሣ፣ ነገር ግን ውሳኔ ሳያገኝ የሚያድር ጥያቄ ለዚህ ሳምንት ክርክር አቅርበናል። በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ አረቄ ማውጣትና መሸጥ ሙሉ በሙሉ ይከልከል ወይስ ፈቃድና የመሸጫ ሰዓት ተበጅቶለት ይቀጥል? ጠላንና ጠጅን ለጊዜው እንተዋቸው። ተከራካሪዎች ሐሳብን እንጂ ሰውን እንዳይነቅፉ አደራ እንላለን።

የሦስት ልጆች አባት

እኔ ይከልከል ከሚሉት ወገን ነኝ። ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል፤ በእኛ ሰፈር አረቄ የሚሸጥባቸው ቤቶች ግን ምልክት የላቸውም፤ የሚያውቃቸው ጠጪው ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛው ጠዋት ወደ ግንባታ ቦታ ከመሄዱ በፊት ሁለት መለኪያ ይጠጣል፤ ማታ ደግሞ የዕለት ክፍያውን ይዞ እዚያው ይመለሳል፤ ሚስቱ ለአስቤዛ የምትጠብቀው ገንዘብ ቤት የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሕፃናት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይዘው «አባዬ ልኮኝ ነው» እያሉ ሲያስሞሉ ማየቴ ነው። ቢራ ቤት ቢያንስ የሚዘጋበት ሰዓት አለው፣ ዋጋውም ኪሱ የሳሳውን ሰው ይገታዋል። የአረቄ አደጋ ርካሽነቱና ደጅ ላይ መገኘቱ ነው፤ ደጅ ላይ እንዳይገኝ ማድረግ ደግሞ ይቻላል።

ነርሷ

የልጆች አባት የገለጹትን እኔም በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን፣ በተለይም በበዓል ማግሥት፣ አየዋለሁ። ይሁን እንጂ አረቄን ከቢራ ነጥሎ ጠላት ማድረግ ላይ አልስማማም። ሒሳቡን እንሥራው። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ያህል አልኮል ቢኖረው፣ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ 14 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይሰጣል። 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ደግሞ 13 ግራም ገደማ ይሰጣል። ጉበት መጠጡ ከመለኪያ ይምጣ ከጠርሙስ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2019 ከአልኮል ጋር በተያያዘ የሞቱትን ሰዎች 2.6 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ወንዶች ናቸው። በአገራችን ላይ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሳንባ ነቀርሳና የምግብ እጥረት ሲጨመሩበት ጉዳቱ ይከፋል፤ ጉበቱ በቫይረስ የተጎዳ ሰው የሚጠጣው እያንዳንዱ ብርጭቆ ከጤነኛው ሰው ብርጭቆ ይልቅ ዋጋ ያስከፍለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ማስገንዘብ እፈልጋለሁ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚያልበውና አረቄ የሚፈልገው ለጨዋታ አይደለም፤ ሰውነቱ አልኮሉን ስለለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊከተልና ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ቤተሰቡ «ጋኔን ያዘው» ብሎ በጠበል ብቻ ሲያቆየው የሚያልፈው ጊዜ ነው ውዱ ጊዜ። ጠበሉን አልከለክልም፤ የሚያረጋጋው መድኃኒት ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ከጎኑ ይኑሩለት ነው የምለው። አረቄ ቤቶቹ በአንድ ሌሊት ቢዘጉ እነዚህን ሰዎች ማን ይቀበላቸዋል? ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ክልከላ አልደግፍም።

የአረቄ አውጪ ልጅ

እኔን ያሳደገኝ የእናቴ አረቄ ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ስለ አረቄ አውጪዎች ሲነገር ሥራቸውን እንደ ቀላል ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ስለሚበዛ ላስረዳ። ዳጉሳው ይፈጫል፣ ብቅልና ጌሾ ይጨመርበታል፣ ድፍድፉ በጋን ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ከዚያ እሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በቱቦ እያለፈ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ዳግም ለማድረግ ያንኑ ሥራ መድገም ነው። የማገዶው ጢስ የእናቴን ዓይን ጎድቶታል። አተላው ከብት ለሚያደልቡ ሰዎች ይሸጣል፤ በአንዳንድ ወር የቤት ኪራዩን የሚሸፍነው እሱ ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ፣ ከገጠር ያለ ጥሪት የመጡ ሴቶች ናቸው። ክልከላው ሲመጣ ጋኑ የሚሰበረው የእነሱ ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ ጠጪው ግን ሌላ በር ያንኳኳል። የልጆች አባት፣ ጋሼ፣ ሕፃን ተልኮ ሲመጣ መሸጥ ነውር መሆኑን እናቴም ታምናለች። የላከው አባት ግን በጽሑፍዎ ውስጥ ለምን ሳይወቀስ አለፈ?

ጠበቃው

ሕጉ ምን እንደሚል ግልጽ እናድርግ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲሁም ከመንገድ ዳር ሰሌዳ የወጣውም በዚሁ አዋጅ ነው። ስለዚህ የተላከው ሕፃን ጉዳይ አዲስ ክልከላ አያስፈልገውም፤ ተከልክሏል። የጎደለው አስፈጻሚ ነው።

የሚያስፈጽመው ለምን ጠፋ ብለን ብንጠይቅ ግን ወደ ዋናው ነጥብ እንደርሳለን። ግሮሰሪ ለሕፃን ቢራ ቢሸጥ የሚነጠቅ የንግድ ፈቃድ አለው፤ ስለዚህ ይፈራል። አረቄ የሚሸጠው ቤት ፈቃድ የለውም፤ የሌለውን ፈቃድ መንጠቅ አይቻልም። ያለው አማራጭ ወይ አይቶ ማለፍ፣ ወይ በዘመቻ መጥቶ ዕቃውን መውረስ ነው፤ ከዘመቻው በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ታክሱም እንዲሁ ነው፤ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በተግባር የሚያርፈው በፋብሪካ መጠጥ ላይ ነው፤ ቢራ በተወደደ ቁጥር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ጠጪ ታክስ ወደማይደርስበት መለኪያ ይወርዳል። እኔ ፈቃድ የምደግፈው ለአረቄ ስላዘንኩ አይደለም፤ ፈቃድ የተሰጠው ሰው የሚያጣው ነገር ስለሚኖረው ነው።

የኬሚስትሪ መምህሩ

በአጭሩ፦ «አረቄ ዓይን ያጠፋል» የሚባለው በአብዛኛው ሜታኖልን ይመለከታል። ከእህል የሚወጣ አረቄ በተፈጥሮው አነስተኛ ሜታኖል አለው፤ ለጅምላ ሞት የሚያደርሰው ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ በማሽተትም ሆነ በጣዕም ከተራው አልኮል ለመለየት ያስቸግራል። መቀላቀሉ ደግሞ የሚበዛው ሥራው በጨለማ ሲሠራ ነው።

የምጣኔ ሀብት ተማሪው

መምህሩ ያሉትን በሌላ አገር ምሳሌ ላጠናክረው። የሕንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ መጠጥን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ጥያቄውን ያነሡት የገጠር ሴቶች ነበሩ፣ ዋና ሚኒስትሩ ኒቲሽ ኩማርም በገቡት ቃል መሠረት ፈጸሙት። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች በመጠጥ ክሶች ተጨናነቁ፤ በዲሴምበር 2022 ሳራን በተባለው ወረዳ የተመረዘ መጠጥ የብዙ አሥሮች ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠጣ የተያዘ ሰው በገንዘብ ተቀጥቶ እንዲለቀቅ ሕጉን ማለዘብ ግድ ሆነ። የእኛ አረቄ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኬንያ ቻንጋ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ለአሥርት ዓመታት የነበረውን የቻንጋ ክልከላ አንሥታ በፈቃድ እንዲመረትና በጠርሙስ እንዲሸጥ፣ መጠጥ ቤቶችም በሥራ ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት እንዳይከፈቱ ወሰነች። ከሁለቱ የኬንያን እመርጣለሁ።

የሴቶች የቁጠባ ቡድን አባል

ወንድሜ፣ የቢሃርን ታሪክ ከግማሹ አቁመኸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት ቤተሰብ በሚገኝ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ክልከላው በክፍለ ግዛቱ ዘወትር የሚጠጡ ወንዶችን በ2.4 ሚሊዮን ገደማ፣ በትዳር ጓደኛ የሚደርስ ጥቃትን ደግሞ በ2.1 ሚሊዮን ገደማ እንደቀነሰ ገምቷል። በመርዝ የሞቱት በዜና ይነገራሉ፤ በዚያ ምሽት ሳትደበደብ ያደረችው ሴት ግን ዜና አትሆንም። የኬንያውም ቢሆን አላበቃም፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 በተመረዘ መጠጥ ከ80 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መሥፈርቱን ማሟላት የሚችለው ባለ ገንዘብ ስለነበረ ትንንሾቹ አውጪዎች በድብቅ ቀጥለዋልና። እኛ በቡድናችን በየሳምንቱ ስንሰበሰብ አንዲት ሴት ቁጠባዋን ያልከፈለችበትን ምክንያት ስንጠይቃት፣ ዝም ካለች መልሱ ብዙ ጊዜ ይገባናል። አረቄ አውጪዋም ሴት፣ የምትደበደበውም ሴት መሆኗ ነው ይህን ክርክር ከባድ ያደረገው፤ ወንዶቹ ተከራካሪዎች በቁጥርና በአንቀጽ ቀለል አድርጋችሁታል።

ዲያቆኑ

ማኅበርና ሰንበቴ ያለ ጠላ አይታሰብም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምትኮንነው ስካርን እንጂ መጠጥን አይደለም። ሆኖም የማኅበር ጠላ በወር አንድ ጊዜ፣ በሙሴው (በማኅበሩ ኃላፊ) ፊት፣ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት የሚዘጋ ነው። ጠዋት ለብቻ ከሚጨለጥ መለኪያ ጋር በአንድ ቃል «ባህላችን» ተብሎ ሲጠራ እቃወማለሁ።

የባጃጅ አሽከርካሪው

እኔ የማነሣው አንድ ነው። ከፋሲሎ እስከ ግሽ ዓባይ ገበያ ማታ የማመላልሳቸው ሰካራሞች አብዛኞቹ የወጡት ከቢራ ቤትና ከአዝማሪ ቤት ነው። አረቄ የሚጠጣው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ለባጃጅ የሚከፍለው የለውም። መንገድ ላይ ሰው የሚገጨው የትኛው እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የሦስት ልጆች አባት

ለቀረበብኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ልጁን የሚልከው አባት ይወቀስ፤ ትክክል ነሽ፣ ልጄ። ነገር ግን ያ አባት ምናልባት ነርሷ የገለጸችው በሽተኛ ነው፤ በሽተኛን በወቀሳ ማዳን የማይቻል ከሆነ በሩን መዝጋት ይቀረናል። የጠበቃው ፈቃድ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ጓሮዋ ውስጥ በአንድ ጋን የምትሠራ እናት የንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥርና የጤና ምርመራ ስትጠየቅ፣ የኬንያዎቹ አውጪዎች እንዳደረጉት አትሸሸግምን? ይህን ሳትመልሱልኝ ፈቃድን እንደ መፍትሔ ልቀበል አልችልም።

ጠበቃው

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ፈቃዱ ለግለሰብ ሳይሆን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ይሰጥ የሚል ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ አውጪዎች ተደራጅተው አንድ መሸጫ ቢኖራቸው፣ ምርመራውም፣ ሰዓቱም፣ ግብሩም የሚመለከተው ያንን አንድ ቦታ ይሆናል። የዕለቱን ምርት በቤቷ አውጥታ ለማኅበሩ የምታስረክብ ሴት ደጃፏ ላይ ጠጪ አይቀመጥም፤ ማታ በሰካራም የሚንኳኳ በርም አይኖራትም። በየጓሮው ከሚደረግ ፍተሻ ይልቅ አንድ መሸጫን መቆጣጠር ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በብዙ ይቀላል።

ነርሷ

ከማኅበሩ ግብር ላይ የተወሰነው ክፍል በጤና ጣቢያ ደረጃ ለሱስ ሕክምና እንዲውል በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ድጋፌን አልሰጥም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የተባለ የአሥር ጥያቄዎች መመዘኛ አለ፣ በጥቂት ደቂቃ ይሞላል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አደገኛ በሆነ ደረጃ እንደሚጠጣ ያመለክታል። ለደም ግፊትም ሆነ ለሳንባ ነቀርሳ ክትትል የሚመጣን ሰው ይህን መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ «ትጠጣለህ?» ብለን «አልፎ አልፎ» የሚል መልስ መዝግበን ነው የምናልፈው።

የአረቄ አውጪ ልጅ

የማኅበሩን ሐሳብ ለእናቴ አነበብኩላት። የጠየቀችው ዋጋውን ማን ይወስናል፣ አተላውስ የማን ይሆናል የሚል ነው፤ አተላው ከተወሰደባት አትገባም። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አለመሸጥን ግን ትቀበላለች። ጎረቤታችን ያለው ግሮሰሪ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቢራ ሲከፍት ዝም ተብሎ የእሷ መለኪያ ብቻ ሰዓት የሚቆጠርለት ከሆነ ግን ፊርማዋን አትሰጥም፤ እኔም አልመክራትም።

የሦስት ልጆች አባት

ግሮሰሪውም ይጨመር፣ አተላውም የእናትሽ ይሁን። ሙከራው በአንድ ሰፈር ብቻ ተጀምሮ እስከ ፋሲካ ይታይ። ሕፃን ተልኮ ሲመጣ የማኅበሩ መሸጫ ምን እንደሚያደርግ ግን በጽሑፍ ይቅረብልኝ፤ እስከዚያ አቋሜ ይከልከል የሚለው ነው።