የግቢያችን የማንሆል ክዳን ተሰረቀ፤ ጥበቃ የለንም፤ ዛሬ ምን እናድርግ?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
እባካችሁ ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ሌሊት ሁለት ክዳኖች ተወስደዋል። አንደኛው ጉድጓድ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ አምስት እርምጃ አይርቅም። ዝናብ ሲጥል ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ከመሬቱ ጋር አንድ ይሆናል። ለጊዜው የአልጋ ሳንቃ ጣል አድርገንበታል። ጥበቃው የሁለት ወር ደመወዝ ስላልተከፈለው ባለፈው ሳምንት ጥሎን ሄዷል፤ ከ40 ቤት መዋጮ የከፈለው 17 ብቻ ነው። ያልከፈሉትን ውሃ መዝጋት እንችላለን? ኮሚቴው ተስማምቷል፤ ነገ ጠዋት ሊዘጉ ነው።

ብየዳ ቤት፦
ሳንቃውን አሁኑኑ አንሡት! ባዶ ጉድጓድ ቢያንስ ይታያል፤ ሳንቃን ግን ሰው አምኖ ይረግጠዋል። ሦስት ሚሊ ላሜራ ፈልጉና በየጎኑ ሃያ ሳንቲም ሜትር አሳልፋችሁ አልብሱት፤ ላዩ ላይ ብሎኬት ደርድሩበት። ክዳኑ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? የብረት ክፈፉስ አለ ወይስ አብሮ ሄዷል?

ሳቅ አይከፈልበትም፦
ሌባው ጨዋ ነው፤ ክዳኑን ወስዶ ጉድጓዱን ትቶላችኋል። ሰብሳቢያችሁ ወፈር ያሉ ከሆኑ ለጊዜው እሳቸው ይቀመጡበት።

የሕግ ሰው፦
እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት ሕጉን ማንበብ ነበረባችሁ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ኮንዶሚኒየም የያዘ ሰው አራት ግድግዳ ብቻ አልያዘም፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የጋራ መገልገያ ነው፤ ድርሻ አለው፣ ዕዳም አለው። መዋጮው የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው። ማኅበራችሁ ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ በስሙ ከስሶ ማስከፈል ይችላል። ካልተመዘገበ ግን ኮሚቴ የምትሉት አምስት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣበት ነገር ነው። ውሃ መዝጋት? የውሃው ውል በደንበኛውና በውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መካከል ነው። እናንተ በመካከል የምትገቡት በምን ሥልጣን ነው?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
ጋሼ፣ ሕጉን ሌላ ቀን ያስተምሩናል። ክዳኑ አራት ማዕዘን ነው፤ 60 በ60። ክፈፉ አለ። ማኅበሩ ስለ መመዝገቡ አላውቅም፤ ማኅተም ግን አለን።

የሕግ ሰው፦
ማኅተም በየማተሚያ ቤቱ ይቀረጻል፣ እመቤቴ።

ስሜ ይቆየኝ፦
ላሜራ አልብሱበት።

ሳቅ አይከፈልበትም፦
ወንድሜ፣ ከላይ ተብሏል። አንተ ደግሞ አሸዋ ጨምርበት በል።

ተከራይ ነኝ፦
እኔ ሌላ ሳይት ነው የምኖረው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። አከራዬ ዱባይ ናት። «መዋጮው ኪራዩ ውስጥ አለ» ብላኛለች፤ ኮሚቴው ግን በየወሩ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ውሃ ብትዘጉ የሚጠማው የእኔ ልጅ ነው፤ እሷ ምን ይጎድልባታል? ደግሞስ ጥበቃው ቢኖር ኖሮ አይሰረቅም ነበር ያላችሁ ማን ነው? ሁለት የብረት ክዳን በኪስ አይወጣም። ወይ የግቢው በር ሌሊቱን ክፍት አድሯል፣ ወይ የወሰደው ሰው ቁልፍ አለው። መጀመሪያ የበሩ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ቁጠሩ።

ብየዳ ቤት፦
ክፈፉ ካለ ሥራው ቀላል ነው። ብረት አትግዙ፤ ቁራሌው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ግቢ ውስጥ አታስቀምጡ። ኮንክሪት አስፈሱ፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲም ሜትር፤ ውስጡ ባለ 10 ሚሊ ፌሮ በየ12 ሳንቲም ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይታሰር። ፌሮው ከታችኛው ፊት ሦስት ሳንቲም ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ መሬት ላይ ተጋድሞ ከፈሰሰበት ከንቱ ነው። ክዳኑ የሚያርፍበትን ከንፈር ለክታችሁ ክዳኑን ከዚያ በአንድ ሳንቲም ሜትር አሳንሱት፤ አለበለዚያ አንዴ ከገባ አይወጣም። ከክፈፉ ከፍ ብሎ እንቅፋት እንዳይሆን ዙሪያውን በሲሚንቶ አዘቅዝቁት። ሁለት የፌሮ ማንሻ ቅበሩበት። በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ወደ 85 ኪሎ ይመዝናል፤ ልጅ አያነሣውም፣ ሌባም አይመኘውም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ወድቆ የገባ ዕቃ ቢኖር ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ። የፍሳሹ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ፣ እኛም እንደ እናንተ ከግማሽ በታች ነበር የምንሰበስበው። ውሃ አልዘጋንም። የባለቤቶቹን ስልክ ከተከራዮቹ ለምነን ሰበሰብንና የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፤ የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ፎቶ አንሥተን እዚያው ለጠፍን፤ የኮሪደሩን አምፖል ሳይቀር። አሜሪካ ያለው ጎረቤታችን የዓመቱን በአንድ ጊዜ ላከ። ሰው የበፊቱ ገንዘብ የት እንደ ገባ ሳያይ አዲስ አይሰጥም፤ ክስ የሚያስፈልገው ይህን ሁሉ አይቶ እምቢ ላለው ነው። የሰበሰባችሁት ግን መጀመሪያ ለጥበቃው ውዝፍ ይሁን። ሰውዬው ሠርቶበታል።

ሳቅ አይከፈልበትም፦
የእኛ ኮሚቴ ደረሰኝ ቢለጥፍ የሚታየው የአምቦ ውሃ ብቻ ነው።

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
ላሜራ ያለው ጎረቤት ተገኝቷል፤ አሁን ልጆቹ ብሎኬት እያመጡ ነው። የውሃውን ነገር ለሰብሳቢው ልነግራቸው እሄዳለሁ። ሰው የሚሰሙ ግን አይደሉም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ብቻሽን አትሂጂ፤ ከከፈሉት 17ቱ ሦስት አራቱን ይዘሽ ሂጂ።

ተከራይ ነኝ፦
ውሃው ተዘጋ ወይስ ተተወ?

ተከራይ ነኝ፦
ሦስት ቀን ሆነ እኮ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ የእኛም አንድ ክዳን ትናንት ተወሰደ። ክብ ነው፤ ክፈፉንም ነቅለው ወስደውታል። ብየዳ ቤት፣ ያ የአንድ ሳንቲም ሜትር ነገር ለእኛ እንዴት ይሆናል?