ክርክር፦ ታብሌት ለተራ ተጠቃሚ ብቸኛ ኮምፒውተር መሆን ይችላል?

አወያይ
የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ኢሜይል የሚከፍት፣ ቪዲዮ የሚያይ፣ ፒዲኤፍ የሚያነብ፣ አልፎ አልፎ ፎርም ሞልቶ የሚልክ ሰው ታብሌት ብቻ ቢኖረው ይበቃዋል? ወይስ ገንዘቡን ላፕቶፕ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል? የብራንድ ጠብ አይፈቀድም። "ጥሩ ነው" ወይም "አይረባም" የሚል ሰው ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

ሊያ
ይበቃዋል። ለብዙው ሰው እንዲያውም ከላፕቶፕ ይሻላል። አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ "ትልቅ ስልክ" እያሉ ያሾፉበት ሰዎች ሳያውቁት ዋናውን ጥቅሙን ነበር የተናገሩት። ስልክ መጠቀም የሚችል ሰው ታብሌት ለመጠቀም አዲስ የሚማረው ነገር የለም። ሲነኩት ወዲያው ይበራል፣ ማራገቢያ ስለሌለው አይጮህም። 10 ኢንች የሚሆነው ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው፤ ደህናው ቪዲዮ እየታየበት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሄዳል። ዋናው ግን ደኅንነቱ ነው። እያንዳንዱ አፕ በራሱ አጥር ውስጥ ስለሚሠራ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳሻው መንካት አይችልም። ከኢሜይል ጋር የመጣ አጠራጣሪ ፋይል ከፍቶ ኮምፒውተሩ በሙሉ በቫይረስ የሚቆለፍበት ሰው ታብሌት ላይ ይህ አደጋ በጣም ይቀንስለታል።

ዮናስ
ሊያ፣ ያ አጥር ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ያግዳል። ላፕቶፕ ላይ የወረደ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ የፈለግሽው ፕሮግራም ከዚያው ይከፍተዋል። ታብሌት ላይ ግን በቻት የደረሰ ሰነድ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቻት አፕ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ አፕ ውስጥ ሲከፈት ቅጂው ነው የሚከፈተው። ተጠቃሚው ቅጂውን አርሞ ይዘጋል፤ ተመልሶ ወደ ቻቱ ይገባና ያልታረመውን ዋናውን መልሶ ይልካል። ከዚያ "አርሜ ነበር እኮ" ይላል። እውነቱን ነው፣ አርሟል። መፍትሔው መጀመሪያ ፋይሉን ወደ "ፋይልስ" አፕ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከፍቶ ማረም፣ ሲላክም ከዚያው ማያያዝ ነው፤ ግን ይህን ካልነገሩት የሚያውቅ የለም።

መሻሻሉም ሲያዘግም ነው የኖረው። አይፓድ ፍላሽ ዲስክ በቀጥታ ማንበብ የቻለው በ2019፣ ማውዝና ትራክፓድ በወጉ የተቀበለው በ2020 ነው። ካልኩሌተር እንኳን አብሮት የመጣው በ2024 ነው፤ አሥራ አራት ዓመት!

ሊያ
አሁን እኮ 2019 አይደለም። ማውዝ አለ፣ ፍላሽ አለ፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ አይፓድ ላይ አፖችን እንደ ኮምፒውተር በመስኮት መደርደር ተችሏል። ሳምሰንግም ዴክስ የሚባለውን የዴስክቶፕ ገጽታ ደህና ደህናዎቹ ታብሌቶቹ ላይ ካስገባ ቆይቷል። የድሮ ጉድለት እየቆጠርክ ዛሬ የሚገዛውን ሰው አታስፈራራ።

ሰናይት
ሊያ ያልሽው እውነት ነው፣ ግን ሰነድ ማንበብና ሰነድ ማዘጋጀት ሁለት ሥራ ናቸው። ጥያቄው ውስጥ "ፎርም ሞልቶ የሚልክ" የሚል ስላለ እዚያ ላይ ልቆይ።

አንደኛ፣ ታብሌቱ አግድም ሲያዝ የስክሪን ላይ ኪቦርድ ግማሽ ያህሉን ቦታ ይወስዳል። የሚሞላው ሳጥን ከኪቦርዱ ሥር ይደበቅና ሰውየው ምን እንደጻፈ አያይም። ታብሌቱን ማቆም ትንሽ ያቃልላል። ሁለተኛ፣ ለጣት የሚመች ቁልፍ ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት፤ አንድሮይድ ለአፕ ሠሪዎች የሚሰጠው ልክም ይኸው ነው። ለማውዝ የተሠራ ድረ ገጽ ግን ከዚያ ያነሱ ሳጥኖችን ተጠጋግተው ያስቀምጣል፤ "አዎ"ን ሲነኩ "አይ" ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ኤክሴል። የታብሌቱ ኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም፣ አያስኬድም። ከመሥሪያ ቤት የመጣ፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚያሰላ ፋይል ታብሌት ላይ ይከፈታል፣ ቁጥሮቹ ይታያሉ፣ ቁልፉ ግን አይሠራም። ስህተት መኖሩንም ሁልጊዜ አይነግርም። አራተኛ፣ ማተሚያ። በዋይፋይ የሚገናኝ ዘመናዊ ማተሚያ ችግር የለውም። በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ግን ሾፌሩ (ማተሚያውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ለታብሌት ስላልተጻፈ ገመዱን ቢሰኩትም አያትምም።

ስለዚህ በወር አንድ ፎርም የሚሞላ ሰው ይችለዋል። በቀን ሦስት የሚሞላ ሰው ይማረራል።

ሊያ
ኪቦርድ ይገዛለታላ።

ሰናይት
ይገዛል፤ ያኔ ግን ክብደቱስ? የ2020ውን 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ ከማጂክ ኪቦርዱ ጋር ብትመዝኚው ከ1.3 ኪሎ ያልፋል፤ የዚያው ዓመት ማክቡክ ኤር 1.29 ነው። ዋጋውም ተደምሮ ላፕቶፑ ላይ ይደርሳል። እንዲያ ከሆነ ለምን መጀመሪያውኑ ላፕቶፕ አይሆንም? በርካሽ ብሉቱዝ ኪቦርድ እንውጣ ከተባለ ደግሞ ጭን ላይ አይቆምም፤ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

ጋሽ መኮንን
ልጆች፣ ክርክራችሁ ሁሉ ላፕቶፕ መጠቀም ስለሚችል ሰው ነው። ዓይኑ የደከመ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ለእሱ ላፕቶፕ ምርጫ ውስጥም አይገባም፤ የማውዟን ቀስት ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው። ታብሌት ላይ ጽሑፉን በሁለት ጣት ይዘረጋዋል።

ቅንብሩን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አይፓድ ላይ ሴቲንግ፣ አክሰሰቢሊቲ፣ ተች፣ ከዚያ "ተች አኮሞዴሽንስ" ውስጥ ተገብቶ "ሆልድ ዱሬሽን" ሲበራ ስክሪኑ ለቅጽበታዊ ንክኪ ምላሽ መስጠት ያቆማል፤ ጣት ጥቂት ሲቆይ ብቻ ይቀበላል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ያላሰበውን እንዳይከፍት ይህ ይበቃል። አንድሮይድ ላይ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ "ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ" አለ፤ እሱ ግን ሥራው ሌላ ነው፣ ተጭኖ መያዝ የሚቆጠርበትን ጊዜ ያስረዝማል። አንዳንዱ ዕቃ የአይፓዱን የሚመስል ቅንብር በሌላ ስም ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ፣ ቆዳው የደረቀ ጣት ስክሪኑ ላይ አልነካ ይላል፤ ስክሪኑ የሚሠራው በጣት ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ስለሆነ ነው። ጫፉ ጎማ የሆነ ርካሽ ብዕር ይፈታዋል። ማቆሚያም ግዙ፤ ግማሽ ኪሎ በአንድ እጅ ለግማሽ ሰዓት መያዝ ቀላል አይደለም።

ሰናይት
ጋሼ፣ እርስዎ ባሉት ላይ ክርክር የለኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ታብሌት ይቅደም።

ብሩክ
ሁላችሁም "ታብሌት" ስትሉ አንድ ዓይነት ዕቃ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው። ሊያ የምትሟገትለት ደህናውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ግን ርካሹን ነው፤ ቅሬታውም ከዚያ ይመጣል።

ከራም እንጀምር፤ ክፍት የሆኑ አፖችን የሚይዘው ጊዜያዊ ቦታ ነው። 2 ወይም 3 ጂቢ ራም ያለው አንድሮይድ ታብሌት አንድ አፕ ሲከፈት ሌላውን ከኋላ ይዘጋዋል። ፎርም እየሞላ ኮድ ለማየት ወደ መልእክቱ የሄደ ሰው ሲመለስ ገጹ እንደ አዲስ ይጫናል፤ የሞላው ሁሉ ጠፍቷል። ቢያንስ 4 ጂቢ፣ ቢቻል 6 ይሁን። ማስታወቂያው "8+8" ካለ ሁለተኛው 8 ራም አይደለም፤ ከስቶሬጁ (አፕና ፋይል ከሚቀመጥበት) የተበደረ ዘገምተኛ ቦታ ነው።

ስቶሬጅ ደግሞ 32 ጂቢ ከተባለ ጥሩውን ድርሻ ሲስተሙ ይወስደዋል። ሚሞሪ ካርድ ይጨመርበታል ይባላል፤ ካርዱ ፎቶና ቪዲዮ ይይዛል፣ አፕ ግን ብዙዎቹ ታብሌቶች ላይ ወደ ካርድ አይወርድም። ርካሾቹ ውስጥ ያለው ስቶሬጅ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ነው፤ ወደ መሙላት ሲቃረብ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ሰው "አርጅቷል" ብሎ የሚጥለው ታብሌት ብዙ ጊዜ የሞላ ብቻ ነው። ከጠቅላላው አንድ አምስተኛው ነፃ ይሁን።

ለንባብ የምትገዙት ስክሪኑን በሴንቲሜትር አስቡት። 10.1 ኢንች የሆነ፣ ረዘም ጠበብ ያለው ስክሪን ቁመቱን ሲያዝ ስፋቱ 13.6 ሴንቲሜትር ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ነው። ስለዚህ በ12 የፊደል መጠን የተጻፈ ፒዲኤፍ ከ8 ባነሰ መጠን ይታያል፤ ዓይን ያደክማል። የአይፓድ ዓይነት ሰፋ ያለ ቅርጽ በተቀራራቢ ኢንች ወደ 9 ያደርሰዋል። በዚያ ላይ 1280 በ800 ከሆነ በአንድ ኢንች 150 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ብቻ ስለሚሆን ትንሹ ፊደል ጠርዙ ይደበዝዛል፤ 1920 በ1200 ወደ 224 ያወጣዋል። ጥርት ያለ ስክሪን ገዝቶ ኔትፍሊክስ ደብዝዞ የሚታየው ሰው ደግሞ ችግሩ የኢንተርኔቱ ሊመስለው አይገባም፤ ዕቃው ዋይድቫይን ኤል1 የሚባለውን ማረጋገጫ ካላገኘ ምስሉ ከ480 መስመር አያልፍም።

አንድ ደግሞ ለመንገድ ለሚፈልጉት፦ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። ካርታው ቤት ውስጥ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሲም የሚቀበለው አለው።

ዮናስ
ብሩክ ደህናው ላይ ችግር የለም ያልክ መሰለኝ፤ ጥገናው ላይ ግን ደህናውም ያው ነው። ባትሪው በሙጫ ተለጥፏል፣ ስክሪኑ በሙጫ ተዘግቷል። ባትሪ ለመቀየር ጠርዙን አሙቆ ብርጭቆውን ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ሲቸኩሉ ብርጭቆው ይሰነጠቃል ወይም የንክኪው ሪባን (ቀጭኑ ጠፍጣፋ ገመድ) ይበጠሳል። ርካሹ አይፓድ እዚህ ላይ ይሻላል፤ ብርጭቆውና ምስል ሰጪው ስላልተጣበቁ የተሰበረው ብርጭቆ ብቻውን ይቀየራል። ውድ በሆኑት ሁለቱ አንድ ላይ ስለሆኑ አብረው ይጣላሉ። ላፕቶፕ ላይ ግን የብዙዎቹ ባትሪ ጥቂት ብሎን ተፈትቶ ይወጣል።

ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ 100 ላይ የሚውል ታብሌት ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ምልክቱ የስክሪኑ አንድ ጠርዝ ብድግ ማለቱ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ቦታ መታየቱ ነው። ያኔ መልሶ መጫን የለም፣ ቻርጅ ማድረግም የለም፤ ጠፍቶ ለባለሙያ ይሰጥ። ባትሪውን 80 ላይ የሚያቆም ቅንብር ካለው ይብራ።

ትዕግስት
የዮናስ ቅሬታ ወደ ሕግ ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያው ውስጥ የሚገባ ታብሌት ባትሪው ከ800 ሙሉ ቻርጅ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ፣ መለዋወጫው ሽያጩ ካቆመ በኋላም ለ7 ዓመት እንዲገኝ፣ የሲስተም አፕዴትም የመጨረሻው ከተሸጠ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት እንዲቀጥል ያስገድዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከባትሪው ይልቅ ይህ የመጨረሻው ነው። አፕዴት ያቆመ ታብሌት ቪዲዮ ያጫውታል፤ የባንክ አፑ ግን አንድ ቀን "ይህ ሲስተም አይደገፍም" ይላል።

ሊያ
ላፕቶፕም ያው ነው እኮ። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፉ ቆመ፤ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል የሌለውን ማሽን አልቀበልም አለ።

ትዕግስት
ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው። ያ ላፕቶፕ ላይ ሊነክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ተጭኖበት ብራውዘሩ አፕዴት እያገኘ ዓመታት ይሠራል። አይፓድ ላይ ሌላ ሲስተም መጫን አይቻልም፤ አንድሮይድም አብዛኛው ተቆልፏል። ስለዚህ ታብሌት ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ "አፕዴቱ እስከ መቼ?" መሆን አለበት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ሴኪዩሪቲ አፕዴት" የሚለውን ቀን ተመልከቱ፤ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ቀኑ ከዓመት በላይ ካለፈው ሠሪው ጥሎታል ማለት ነው። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ሥር "አባውት" ውስጥም ዕቃው "ሰርቲፋይድ" መሆኑ ይታያል። ካልሆነ የባንክ አፕ አትጫኑበት።

ብሩክ
በዚህ እስማማለሁ። ስለ ቻርጀር አንድ ነገር ልጨምር፤ "አይሞላም" እየተባለ የሚመለስ ዕቃ ብዙ ነው። 8000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ወደ 31 ዋት ሰዓት ነው። የድሮ ስልክ 5 ዋት ቻርጀር ብክነቱ ሲታሰብ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ስክሪኑ ደምቆ ቪዲዮ ከታየበት ደግሞ የሚገባውን ያህል ስለሚበላ መቶኛው ላይጨምር ይችላል። 15 ዋት ይሁን። እየሞላ ሳለ ስክሪኑ በራሱ የሚነካካ ከመሰለ ቻርጀሩን ቀይሩ፤ ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚለቀው ረብሻ ንክኪውን ያሳስተዋል።

ጋሽ መኮንን
ያገለገለ ለሚገዛስ? ብዙ ሰው ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ብሩክ
ጋሼ፣ ያገለገለ ደህና ታብሌት ከአዲስ ርካሽ ይሻላል፤ አፕዴቱ ገና እየመጣ ከሆነ። ዋናው አደጋ መቆለፉ ነው። ሻጩ አስቀድሞ ከአካውንቱ ይውጣ፤ አይፓድ ከሆነ የጠፋ ዕቃ መፈለጊያውን "ፋይንድ ማይ"ን ያጥፋ፣ አንድሮይድ ከሆነ የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ያስወግድ። ከዚያ እርስዎ ፊት ሪሴት አድርጎ (ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ አስጀምሮ) ዋይፋይ ላይ ያገናኘው። ሲነሳ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይል ወይም የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀ ገንዘብ አይክፈሉ፤ "በኋላ እልክልዎታለሁ" ቢባሉም።