«ሲሾም ያልበላ…» ከትምህርት ቤት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የብሎክ 9 እናት፦ ሰላም የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች። ልጄ «ማሚ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያ ልጆች «የዛሬው ምሳሌያዊ አነጋገር» ብለው አንብበውት ነው። ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) ላቀርበው ነው፤ ይውጣ። ሰርቀሽ ብዪ እያልን እናሳድግ እንዴ?

ባለ ሚኒባስ፦ እደግፋለሁ! ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት «ፋይልህ ጠፍቷል» ተባልኩ። ሰውዬው መሳቢያውን ገርበብ አድርጎ ስልኩን ይጎረጉራል። ከኋላዬ የነበረው ሰው የሻይ ጣል ሲያደርግ የሱ ፋይል ወዲያው ተገኘ። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ።

ጋሽ ጡረታ፦ ልጆቼ፣ ተረቱን ከመኮነናችሁ በፊት የወጣበትን ዘመን እዩት። ያኔ ሹም ደመወዝ የለውም። ጉልት፣ ማለትም ግብሩን የሚሰበስብበት መሬት፣ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚገባውን ይበላል፤ ጭፍራውንም የሚቀልበው፣ ግብር የሚያበላውም ከዚያው ነው። ሹም ሽር ደግሞ ሳይታሰብ ይመጣል። ሲሻር ጉልቱ ለሌላ ነው፤ ጡረታ ብሎ ነገር የለ። በጊዜው ያልተጠቀመ ባዶ እጁን ቀረ፣ ቆጨው። የታወቀ መተዳደሪያ ነው እንጂ ስርቆት አልነበረም።

የታሪክ ቲቸር፦ ጋሼ፣ ግማሹን ነው የነገሩን። ሹሙ ሲበላ የተበላው ማን ነው? ገባሩ፣ መሬቱን አርሶ ለሹሙ የሚገብረው ገበሬ። አሥራት ከፍሎ፣ የሹሙን እርሻ (ሁዳድ) አርሶ፣ ማር አግብቶ፣ የሹሙን ማገዶ ተሸክሞ ሳያበቃ ሌላ ሹም ይመጣበታል። አዲሱም ነገ እንደሚሻር ስለሚያውቅ ይቸኩላል። ይሄ የሹም ቤት ተረት ነው። ገባሩማ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ነው የኖረው። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፣ በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ተረቱ ግን ሳይሻር ቀረ።

የኮዬ ልጅ፦ አሁንስ ደመወዝ አለ ብላችሁ ነው? የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም እኮ።

ጋሽ ጡረታ፦ አይ ልጄ! ትንሽም ብትሆን ደመወዙን በልቶ ባለጉዳዩንም የሚበላ ሰው በዚህ ተረት አይጠለል።

ባለ ሚኒባስ፦ ይጠለላል እንጂ! ሰው ሲሾም እኛ ራሳችን እየሳቅን ነው የምንለው።

የብሎክ 9 እናት፦ እኔስ ምን አልኩ? ለዚህ ነው ይውጣ የምለው።

ጋሽ ጡረታ፦ ከልክላችሁ አይሆንላችሁም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አወጁ። ቀረ? እኔ ልጅ ሆኜ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ሲሉት እሰማ ነበር።

የታሪክ ቲቸር፦ በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ተረቱን ብናወጣው ልጆቹ ታክሲ ውስጥ ይሰሙታል፤ እዚያ ደግሞ ስለ ገባሩ የሚነግራቸው የለም። ይነበብ፣ ግን አስተማሪ አብሮ ይቁም።

የብሎክ 9 እናት፦ ቲቸር፣ ሰልፍ ላይ ማን ጊዜ ሰጥቶ ያስረዳል? ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ማስታወቂያ ተነቦ፣ ደወል ነው። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት፤ ጉልትን ሳታውቅ መብላቱን አወቀች። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ አቀርበዋለሁ።

የታሪክ ቲቸር፦ እኔም እመጣለሁ። እቃወማለሁ።