ዙሪያው ጨው በሆነ ደሴት ላይ የሚጠጣ ውሃ ከየት ይገኛል?

የወደቡ ልጅ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ደቅ እወስዳለሁ። በቅርቡ አንድ እንግዳ ኪሪባቲ በምትባል የፓስፊክ ውቅያኖስ አገር ብዙ ዘመን እንደሠራ አጫወተኝ። ደሴቶቹ ከባሕሩ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ተራራ የላቸውም፣ ወንዝም የላቸውም አለኝ። እኔ ደሴት ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ ደቅ ነው፤ እዚያ ውሃ የፈለገ ሰው ወደ ዳር ይወርዳል። ዙሪያው ጨው ከሆነ ግን ሰዎቹ ምን ይጠጣሉ? ምንስ ያበቅላሉ? መሬቱስ እንዴት ተፈጥሮ ነው እንዲህ ዝቅ ያለው? የምታውቁ እባካችሁ ሳታሳጥሩ ንገሩኝ።

መምህሩ

ልጄ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ተማሪዎቼ የደሴቶቹን ስምና ዋና ከተማ ይሸመድዱ ነበር፤ «ምን ይጠጣሉ?» ያለኝ ግን አልነበረም። የዚያ አካባቢ ኑሮ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከመሬቱ ልነሣ። በፓስፊክ ከፍ ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አሉ፤ ሃዋይ፣ ሳሞአ፣ ታሂቲ። ሃዋይ ያለው ማውና ኬያ 4,207 ሜትር ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሸን ብዙም አያንስም። ድንጋያቸውም ባዛልት ነው። የጣናን ውሃ ያቆመውም የዓባይን መውጫ የዘጋው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ መሆኑን ለእንግዶችህ ትነግር ይሆናል። ተራራ ካለ ደመናው ይያዛል፣ ወንዝ ይወርዳል። በፊጂ ትልቁ ደሴት በቪቲ ሌቩ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው ዋና ከተማዋ ሱቫ ያለችበት ወገን በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብበታል፤ ባሕር ዳር ከምታገኘው እጥፍ ያህል ነው። ከተራራው ጀርባ ያለው ምዕራቡ ደረቅ ይላል፤ የሸንኮራ አገዳው እርሻ በብዛት ያለው በዚያ ነው።

እንግዳህ የነገረህ ግን አቶል የሚባሉትን ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 እንዲህ ብሎ አስረዳ፦ የእሳተ ገሞራው ተራራ ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ውስጥ ይሰምጣል። በዳርቻው የሚኖረው ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ የሚገነባ ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ሙቀትና ብርሃን ካላገኘ ይሞታልና፣ ተራራው በሰመጠ ቁጥር እሱ ወደ ላይ ይገነባል። በመጨረሻ ተራራው ይጠፋና ኮራሉ ብቻ እንደ ቀለበት ይቀራል፤ መሐሉ ጥልቀት የሌለው የተከበበ ባሕር ይሆናል። ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1952 በማርሻል ደሴቶች፣ በኤነዌታክ አቶል መሬቱ ተቦረቦረ። ከ1,200 ሜትር በላይ የኮራል ኖራ ድንጋይ ካለፉ በኋላ ባዛልቱን አገኙት። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ኪሪባቲ 33 ደሴቶች አሏት። የብሱ ሁሉ ቢደመር 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጣናን ሲሶ አይሞላም። የምታዝበት ባሕር ግን የኢትዮጵያን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ የመንግሥቱም ትልቁ ገቢ የውጭ መርከቦች ቱና ዓሣ ለማጥመድ የሚከፍሉት የፈቃድ ገንዘብ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ በላይ የሚኖረው በአንድ ቀጭን ስፍራ፣ በደቡብ ታራዋ ነው። ስለ ውሃው ከእኔ ይልቅ የሙያው ሰው ቢናገር ይሻላል።

ጉድጓድ ቆፋሪ

መምህር፣ እድሉን ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። እዚሁ ጎጃም ውስጥ በውሃ ቁፋሮ ሥራ ነው የምተዳደረው።

የአቶል አፈር አሸዋና የተሰባበረ ኮራል ስለሆነ ዝናቡ ሳይፈስ ቀጥታ ይሰርጋል፤ ወንዝ የሌለው ለዚህ ነው። የሰረገው ውሃ ከታች ካለው ጨዋማ ውሃ ስለሚቀል፣ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ከባሕሩ ወለል በላይ አንድ ሜትር ንጹሕ ውሃ ካለ በታቹ 40 ሜትር ያህል ይኖራል ይላል ስሌቱ። በቀጫጭን ደሴቶች ላይ ግን ውሃው ከባሕሩ ወለል በላይ የሚነሣው በሴንቲ ሜትር ስለሆነ ውፍረቱ ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው።

እኛ ዘንድ ጉድጓድ ሲነጥፍ «ጨምረህ ቆፍር» ይባላል። እዚያ ጨምሮ መቆፈር ጨውን መጥራት ነው፤ በኃይል ቢሳብም ጨዋማው ከታች ይነሣል። ስለዚህ በታራዋ፣ ቦንሪኪ በሚባለው የውሃ ክልል፣ የተበሳሱ ቧንቧዎች ጥልቀት ሳይኖራቸው አግድም ተቀብረው ላይ ላዩን ብቻ ይቀዳሉ። እኔ ይህን ስረዳ ለሙያዬ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

የሚያሳዝነው ውሃው ከእግር ሥር ቅርብ መሆኑ ነው። ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር የመጸዳጃውም የአሳማውም ቆሻሻ ሳይጣራ ይደርስበታል።

የወደቡ ልጅ

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ምግባቸውን አልነገሩኝም። ደግሞ በቅርቡ ይሰምጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

መምህሩ

ምግባቸው ኮኮናት፣ የዳቦ ፍሬ፣ ፓንዳነስ የሚባል የዛፍ ፍሬ፣ ከሁሉም በላይ ዓሣ ነው። የምታደንቀው ግን ባባይ የሚሉትን ነው፤ የእኛ ጎደሬ ዘመድ የሆነ ግዙፍ ሥራ ሥር። ይህን ለመትከል ጉድጓድ ቆፋሪ የነገረህ ንጹሕ ውሃ እስኪገኝ መሬቱን ይምሱና፣ በጉድጓዱ ውስጥ ቅጠል እያበሰበሱ አፈሩን ራሳቸው ይሠሩታል። ጉድጓዱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

መስመጡን በተመለከተ በችኮላ የሚወራውን አልወድም። በጎረቤታቸው በቱቫሉ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2014 የተነሡ ፎቶዎች ሲነጻጸሩ የደሴቶቹ ድምር ስፋት 2.9 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ማዕበሉ ከአንዱ ዳር የወሰደውን አሸዋ በሌላው ይጥላል። ይህ ግን ስጋት የለም ማለት አይደለም። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ነው፤ ማዕበል አንድ ጊዜ ደሴቱን ተሻግሮ ቢያልፍ መሬቱ በቦታው እንዳለ የባባዩ ጉድጓድና የመጠጥ ውሃው ይበላሻል። በእኔ አስተያየት ሰዎቹን ቀድሞ የሚያስለቅቃቸው ይህ ነው።

ድርቁም አለ። ኤል ኒኞ ሲመጣ፣ ማለትም የፓስፊክ መሐል ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ የእኛ ክረምት ይደክማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያየነው ነው። በዚያው ጊዜ ኪሪባቲ ላይ ዝናቡ ይበረታል። ተቃራኒው ላ ኒኛ ሲሆን እኛ እንጠግባለን፣ እነሱ ይደርቃሉ።

ከ33ቱ መካከል አቶል ያልሆነችውን ባናባን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ወደ ላይ የተነሣች የኖራ ድንጋይ ደሴት ናት፤ 80 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በድርቅ ጊዜ ሴቶቹ ዋሻ ውስጥ ገብተው ውሃ ይቀዱ ነበር። ባሕር አላሰጋትም። ነገር ግን ፎስፌት ተገኘባትና እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1979 ገጿ ተቆፍሮ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ እርሻዎች ማዳበሪያ ሆነ። ሕዝቧን እ.ኤ.አ. በ1945 ፊጂ ውስጥ ወዳለች ራቢ ወደምትባል ደሴት አሻገሩት። አብዛኞቹ ዛሬም የሚኖሩት በዚያው ነው፤ በኪሪባቲ ምክር ቤት ግን አሁንም ወንበር አላቸው። እንግዳህ ተመልሶ ከመጣ ስለ ባናባ ጠይቀው።