«ሉዓላዊ የሀብት ፈንድ» ሲባል ሉዓላዊው ማነው?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም የቃል ሰዎች፣ አንድ የኢኮኖሚ ፅሁፍ እየተረጎምኩ «ሉዓላዊ የሀብት ፈንድ ሉዓላዊ ስጋትን ይቀንሳል» ብዬ ፃፍኩና ላርም ስመለስ እኔው ራሴ ወራሪ ጦር ድንበር ላይ የቆመ መሰለኝ ሃሃ። ምን ልበለው?

ጎተራው፦ ቃሉ ነው ጉድ የሰራህ። በፋይናንስ ሰፈር ሉዓላዊ ሲሉ ነፃነት ምናምን ሳይሆን ባለቤቱ ወይ ተበዳሪው መንግስት ነው ለማለት ነው። ፈንዱም መንግስት ያጠራቀመውን ገንዘብ ኢንቨስት የሚያደርግበት ቋት ነው። ሉዓላዊ ስጋት የሚሉትም መንግስት የተበደረውን ላይከፍል ይችላል የሚለውን ነው። እኔ ብሆን «የመንግስት የሀብት ፈንድ ካለ አበዳሪዎች ዕዳችን ይቀራል ብለው የሚሰጉት ይቀንሳል» ብዬ አፍታታው ነበር፣ ቢረዝምም ይርዘም።

ስርዝ ድልዝ፦ እኔን የሚያናድደኝ ደሞ ፈንዱን «መጠባበቂያ» ብለው የሚተረጉሙት። መጠባበቂያ የማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ነገ ጠዋት ለክፍያ እጅ ላይ መገኘት ያለበት። ፈንዱ ግን አክሲዮንና ህንፃ ገዝቶ አመታት የሚቆይ ነው።

ጎተራው፦ ሁሉም አይደለም። የቺሊው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፣ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሱ አውጥታ ባጀቷን ደጉማበታለች።

የቅኔ ልጅ፦ እኔ ስለነዚህ ፈንዶች ባነበብኩ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ነው ትዝ የሚለኝ። ህዝቡ ቢሊዮን ዶላር አለህ ይባላል፣ ገንዘቡ ያለው ሰው ሀገር።

ጎተራው፦ ተረቱ ደስ ሲል! ግን ኖርዌይ ላሟን ሆን ብላ ነው ሰማይ ላይ ያሰረቻት። የነዳጁ ገንዘብ በሙሉ ሀገር ውስጥ ቢረጭ ዋጋ ይንራል፣ ገንዘቧ ክሮኑም ይጠነክርና ወደ ውጭ የሚሸጡት ሌላው ዕቃ ተወዶ ገዢ ያጣል፣ «የሆላንድ በሽታ» የሚባለው ይሄ ነው። ስለዚህ በ1990 ህግ አወጡ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባ፣ ኢንቨስት የሚደረገው ውጭ ብቻ ነው። ወደ ባጀት የምትመጣው ወተቷ ናት፣ በአመት በአማካይ ከፈንዱ 3 በመቶ፣ እስከ 2017 ድረስ ደንቡ 4 ይል ነበር።

ስርዝ ድልዝ፦ ላሟ ካለች አይደል የምትታለበው። ናውሩ የምትባለው ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ሀገር ከማዳበሪያ ማዕድኗ ከፎስፌት ያገኘችውን ገንዘብ አባክና ላሟን አርዳ በላች። ማሌዥያ በ2009 ያቋቋመችው ዋንኤምዲቢ (1MDB) የሚባለው የመንግስት ድርጅት ደሞ ፈንድ ተባለ እንጂ የሞላው በብድር ነበር፣ ቢሊዮኖች ተዘረፉና ዕዳው መንግስት ላይ ቀረ። አረፍተ ነገርህ ላይ «ከቁጠባ የተሞላ» የሚል ጨምርበት ወንድሜ፣ አለዚያ ውሸት ነው።

የቅኔ ልጅ፦ ስሙም እንዳይሸውድህ፣ የኖርዌዩ ከ2006 ጀምሮ የጡረታ ፈንድ ነው የሚባለው ግን ለአንድም ጡረተኛ በቀጥታ አይከፍልም፣ ሰዉም «የነዳጅ ፈንድ» እያለ ነው የሚጠራው።

ቃል ፈላጊ፦ እሺ «ከቁጠባ የተሞላ የመንግስት የሀብት ፈንድ» ብያለሁ። ሉዓላዊን ሰርዣታለሁ፣ ላሟን ግን ለግርጌ ማስታወሻ እወስዳታለሁ።